እምብርቷ ታለቅሳለች

ሰው የሚስቱን ሥራ ሲጠይቀው አናጢው «ሚስቴ ተኳሽ ናት» ይላል። ጠያቂው ደንገጥ ሲል፣ ያችን ድንጋጤ አጣጥሞ እስኪጨርሳት ዝም ብሎ ይቆይና «አይዞህ፣ ሸሚዝ ነው የምትተኩሰው» ብሎ ይስቃል። ይህችን ቀልድ ዐሥር ዓመት ሙሉ ቀልዷታል። ተኳሿም ዐሥር ዓመት ሙሉ ገና ዛሬ የሰማቻት ይመስል ስቃለታለች። ፍቅር ማለት ከዚህ ሌላ ምን ይሆን? በዚያ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከፍቅር በቀር የተረፈ ነገር አልነበረም። ለሰው ቤት ጸጥ ብሎ የሚዘጋ በር የሚሠራው አናጢ፣ የራሱ በር በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም። «ነገ አስተካክለዋለሁ» ይላል። ነገ ሦስት ዓመት ሞላት።

እቤቱ ውስጥ አራት ነፍስ ነበር። አናጢው፣ ተኳሿ፣ ሁሉም «እማማ» የሚሏቸው የተኳሿ እናት፣ እና ዘጠኝ ዓመት የሞላት የባልና ሚስቱ ልጅ። ልጅቷን «ጥያቄ» ነው የሚሏት፤ አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ጠይቃ አትጠግብማ። ጨረቃ ለምን አትወድቅም? እማማ ጥርሳቸው የት ሄደ? አባዬ የራሳችንን በር ለምን አይሠራም? ይቺ የመጨረሻዋ ሁልጊዜ ቁጣ ታመጣ ነበር።

ተኳሿ የምትሠራው ልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት ነው። ባለቤቲቱ ሦስት ደረጃ ከወጣች ቁና ቁና የምትተነፍስ ወፍራም ሴት ስለሆነች፣ ሠራተኞቹ ዞር ስትል «እንፋሎት» ይሏታል። ተኳሿ ከጠዋት እስከ ማታ ረጅሙ ጠረጴዛ ፊት ትቆማለች። መጀመሪያ ኮሌታ፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ ከዚያ እጅጌ፣ መጨረሻ ላይ ደረት። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሠራተኛ ሸሚዙን ሁለቴ ይተኩሳል፤ እሷ አዛብታ አታውቅም። ወገቧን ያማታል። ቀኝ እግሯም አንዳንዴ ይደነዝዝባታል፤ ስሙን «ሰነፉ» ብላዋለች። ግን ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው ወገቡን ቢያመው ማን ይገርመዋል? እንፋሎትም ወገቧን ያማታል፣ እሷ ደግሞ ተቀምጣ ነው የምትውለው።

አሁን የነገሩን ሥር ልንገራችሁ። ተኳሿ ስትወለድ ከወገቧ ዝቅ ብሎ፣ ልክ በአከርካሪዋ መስመር ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ነበረቻት። ዙሪያዋን ጥቂት ጥቁር ጠጉር ከቧታል። እማማን ያዋለደቻቸው ነርስ «የልደት ምልክት ነው፣ ስታድግ ይጠፋል» አለችና እጇን ታጥባ ሄደች። አልጠፋም። ስድስት ዓመት ሲሆናት ግቢ ውስጥ ስትታጠብ የጎረቤት ልጆች አዩዋትና «ጭራ አላት፣ ጭራ አላት» እያሉ ከግቢ ግቢ አዞሯት። ልጅቷ ሳሙናዋን እንኳ ሳትለቃለቅ እያለቀሰች ገባች። እማማ ያኔ ወጣት ነበሩ፤ ባል የሌላቸው፣ የትምህርት ቤት ክፍል ጠርገው ልጅ የሚያሳድጉ። ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ያችን ቀዳዳ በጣታቸው ነካ አደረጓት።

«ጭራ አይደለም፤ እምብርት ነው» አሏት። «እነሱ ያላቸው አንድ እምብርት ነው፣ አንቺ ሁለት አለሽ። ቅናት ነው የሚያስጮሃቸው።»

ልጅቷ አፍንጫዋን ጠረገች። «የቷ ትበልጣለች?»

«የኋላዋ ናታ። የፊቷማ ማንም ጋ አለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት «እምብርት» ማለት የኋላዋ ሆነች። የፊቷን የሚያስታውሳት ጠፋ። በዓመት አንዴ ሁለቴ ከቀዳዳዋ ጠብ ጠብ የምትል ንጹሕ ውሃ ትወጣና የውስጥ ልብሷን ታረጥባለች። «እማዬ፣ እምብርቴ አለቀሰች» ትላለች፤ እማማ ንጹሕ ጨርቅ ያቀብሏታል፤ አለቀ። ስታገባ አናጢውም ይህን ቋንቋ ተማረ። ጥያቄማ ከነቋንቋው ተወለደች። አንዲትን ሕፃን ከእንባ ያዳነች ቃል፣ ሃያ አራት ዓመት አድፍጣ ቆይታ መልሳ ልትበላት ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል? እናት ናት ያወጣቻት… ለዚያውም ከመውደድ ብዛት።

በሠላሳ ዓመቷ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ተኳሿ ኮሌታ እየተኮሰች ሳለ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ዓይኗን እንደ መርፌ ወጋት። ራሷን ያዘች። ጨርቅ ሲቃጠል ሸተተ። እንፋሎት ከወንበሯ ሳትነሣ «ተኳሽ፣ ሸሚዙ ምን አድርጎሽ ነው?» ስትላት፣ ዞር ብላ ልትመልስላት ፈልጋ አንገቷ አልዞርም አላት። ቀጥሎ የተሰማው የካውያው መውደቅ ነው፤ ቀጥሎ የእሷ።

ክሊኒክ ወሰዷት። «ማጅራት ገትር ነው፤ በጊዜ ደርሳችኋል» ተባለ። ዐሥር ቀን መርፌ ተወግታ ዳነች። እማማ ደስታቸው ወሰን አጣ። አናጢውም ደስ ሲለው ሥራ ስለሚወድ በሩን ሊያስተካክል መዶሻ አነሣ፣ ግን ጎረቤት ጠራውና ሄደ። እንፋሎት ልትጠይቃት መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ አልጋው ጮኸ። «ሸሚዙ ይቃጠል፣ ግድ የለም» አለቻት፤ «አንቺ ግን ደግመሽ እንዳትወድቂብኝ። ልቤ አይችልም።»

በአራተኛው ወር ደግማ ወደቀች።

ይህን ጊዜ ትልቁ ሆስፒታል ነው የወሰዷት። ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ ትኩሳቱ አእምሮዋን ወስዶት ነበር። ልጇን ጥያቄን እንኳ «ይቺ የማን ልጅ ናት?» ያለቻት ያን ዕለት ነው። ተረኛዋ ሐኪም መነጽር ያደረገች፣ እንቅልፍ የጠገበች የማትመስል ወጣት ሴት ነበረች። ጎበዝ ናት፤ ይህን ልመሰክርላት ይገባል። አንድን ሰው ይህ በሽታ በአራት ወር ውስጥ ሁለቴ ከያዘው፣ የሆነ መግቢያ ቀዳዳ እንዳለው ታውቃለች። ስለዚህ እማማን አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ጆሮዋ መግል ይዞ ያውቃል? አያውቅም። ራሷን ተመትታ ታውቃለች? አታውቅም። አፍንጫዋ?

«ሌላ ፈሳሽ የሚወጣት ቦታ አለ እናቴ? የትም ቢሆን።»

«እምብርቷ ታለቅሳለች» አሉ እማማ።

«እምብርቷ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለደች ጀምሮ ነዋ ልጄ።»

አንዲት ነርስ እማማን ወደ ውጭ አስወጥታ መጋረጃውን ሳበች። ከመጋረጃው ጀርባ ሐኪሟ ብርድ ልብሱን ገልጣ የተኳሿን ሆድ አየች። እምብርቷን በጣቷ ተጫነቻት፤ በባትሪ አበራችባት። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ እንደ ማንኛችንም እምብርት። ወረቀቷ ላይ «እምብርት፦ ጤነኛ» ብላ ጻፈች። መጋረጃውን ገለጠችና «አይቻታለሁ እናቴ፣ ምንም አልሆነችም» አለች። እማማ እፎይ አሉ። ሁለቱም ስለ አንዲት ነገር እያወሩ መስሏቸው ነበር… በመካከላቸው የነበረው ግን የአንዲት ሴት ወገብ ውፍረት ነው። ከፊት እስከ ኋላ። ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ይህን ያህል የራቀ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዕድል ግን አንድ በር ዘግታ አልበቃትም። ሐኪሟ ቀጥላ «ከጀርባዋ ትንሽ ውሃ ቀድተን መመርመር አለብን፤ ባለቤቷ ይፈርም» አለች። አናጢው ቀለሙ ተለወጠ። አብሮት የሚሠራ ሰው እንዲህ ተደርጎ እግሩ ሽባ የሆነ ዘመድ እንዳለው ነግሮት ነበር፤ ዘመዱን ግን ያየው የለም።

«ጀርባዋን አትንኩብኝ» አለ። «ቆማ ነው የምትሠራው።»

«ሽባ አያደርግም። እኔን እመነኝ፣ ወንድሜ።»

«አምንሻለሁ። ግን አይነካም።»

ሐኪሟ ብትለምን፣ ብታስረዳ፣ ቢቸግራት ብትቆጣ እሱ ግንቡን ተደግፎ እምቢ እንዳለ ቀረ። በመጨረሻ እምቢታውን በፊርማው አረጋገጠ። እንጨት ላይ ቀጥ ያለ መስመር የሚያሰምር እጁ ያን ቀን ወረቀት ላይ ጠማማ ፊርማ ጣለ። እሺ ብሎ ቢሆን ኖሮ መርፌው ከመግባቱ በፊት ወገቧን ገልጠው ያጥቡት ነበር… ያችንም ቀዳዳ ያዩዋት ነበር። አልታየችም። ተኳሿ አልጋ ክፍል ገብታ መድኃኒቷን ጨረሰች፤ ከስታ፣ ጠቁራ፣ ግን በእግሯ ወጣች። ያችን የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ዓይኗን ከፍታ አላየቻትም።

የሆስፒታሉን ዜና አናጢው እቤት ገብቶ ሲያወራ ጥያቄ ደብተሯን ዘግታ ታዳምጥ ነበር።

«እምብርቷንም አይተዋታል፤ ደህና ናት ተብሏል» አለ።

«የትኛዋን?» አለች ጥያቄ።

«ምን የትኛዋን?»

«የፊቷን ነው ያዩት የኋላዋን?»

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ እንኳ ዝም በይ። ራሴን ነው የሚያመኝ።»

ልጅቷ ደብተሯን መልሳ ከፈተች። በሕይወቷ ከጠየቀቻቸው ሺህ ጥያቄዎች ውስጥ አንዷ ብቻ ነፍስ ታድን ነበር፤ ያችኑ አንዷን መልሳ እንድትውጣት ተነገራት። አናጢውን ክፉ አባት አትበሉት። ደክሞት ነበር። ሰው ሲደክመው ከሚያጠፋው የሚበልጥ ጥፋት ያለ አይመስለኝም።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ተኳሿ ሥራ ገብታ ነበር፤ ግን ከሥራ ስትመለስ ግንብ እየያዘች ነው የምትሄደው። አንድ ጠዋት ልትነሣ ፈልጋ አልጋው ላይ ቀረች። «እማዬ» አለች ረጋ ብላ፤ «እግሮቼን አይተሻቸዋል? ከእኔ ጋር አይደሉም።» እማማ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ብርድ ልብሱን ገልጠው እግሯን ቆነጠጡት። «አሁንስ?» አሏት። «ጀመርሽ እንዴ?» አለች ልጃቸው። እማማ ቆንጥጠው ለቀው ነበር።

ሆስፒታል እስኪደርሱ ትኩሳቱ እንደገና አእምሮዋን ነጠቃት። ሽንቷም ቆሞ ሆዷ ተነፍቶ ነበር። ያችው መነጽር ያደረገች ሐኪም ተረኛ ነበረች። አንዲት አሮጊት ነርስ ልብሷን ልትቀይርላት በጎኗ አገላበጠቻትና እጇ ባለበት ቀረ። ከዚያች የምስር ፍሬ ከምታህል ቀዳዳ አሁን ውሃ ሳይሆን መግል ይወጣል።

«ዶክተር፣ ነይ እስቲ ይቺን እዪ።»

ሐኪሟ አየች።  ከዚያ ኮሪደሩ ላይ የቆሙትን እማማን ጠርታ «ወገቧ ላይ ያለችው ቀዳዳ ከመቼ ጀምሮ ነች?» አለቻቸው።

እማማ ግራ ገባቸው። «እምብርቷን ነው? ከተወለደች ነው ብዬሽ የለም እንዴ? አይቻታለሁ አልሽኝ እኮ።»

 ሐኪሟ የድሮውን ወረቀት አገላብጣ አገኘችው። «እምብርት፦ ጤነኛ።» የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አጠለቀች፤ ጽሑፉ ግን አልተለወጠም። «እናቴ» አለች፣ «እኔ ሆዷን ነው ያየሁት።» እማማ ነገሩ እስኪገባቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ሌላ እርምጃ ሄዱ፣ ግንቡ ሲይዛቸው እዚያው ቁጭ አሉ።

የጀርባዋን ምስል አነሱ። በኋላ ሐኪሟ ለአናጢው እንዲህ ብላ አስረዳችው፦ ተኳሿ ገና ማሕፀን ውስጥ እያለች አከርካሪዋና ቆዳዋ በደንብ ሳይለያዩና ሳይዘጉ ቀርተዋል። ቀዳዳዋ እንደ ክር የቀጠነች ቱቦ ሆና ቆዳዋን አልፋ፣ አጥንቷን አልፋ፣ እስከ ሕብለ ሰረሰሯ ትዘልቃለች። ሁለቱም ጊዜ በሽታው የገባው በዚያ ነው። አሁን ውስጡ መግል ቋጥሮ የእግሯን ነርቮች ጨፍልቋቸዋል።

«ገና በልጅነቷ ቢታይስ ኖሮ?» አለ አናጢው።

ሐኪሟ ምስሉን ወደ ፖስታው መለሰችው።

ያኑ ዕለት አንድ ጢማም ሐኪም ቀዶ ጥገና አደረገላት። መግሉ ወጣ፤ ቱቦዋም ተቆርጣ ወጣች። ሠላሳ ዓመት ክፍት የኖረው ተዘጋ። ግን እግሮቿ አልተመለሱም። በሽታውም ወደ ራስ ቅሏ ዘልቆ ነበርና ሐኪሞቹ ለአናጢው በቀስታ «ብዙ ተስፋ አታድርግ» አሉት። ትነቃለች፣ ትተኛለች፣ ትነቃለች። ስትነቃ አናጢው የሆነውን ሁሉ ነገራት። «ሐኪም ሆድሽን ነው ያየው» አላት፤ «የተሳሳተችውን እምብርት።» እሷም ጣሪያውን እያየች ሰማችው።

አናጢው ኀዘኑን የሚጥልበት ቦታ ሲያጣ ኮሪደሩ ላይ እማማ ላይ ጣለው። «እርስዎ ነዎት» አላቸው። «እምብርት ብለው ባይሰይሟት ኖሮ ሚስቴ ዛሬ ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። የእርስዎ ጨዋታ ነው የጨረሳት።» እማማ ቀና ብለው አዩት። «አንተስ? ማን ነው ጀርባዋን አትንኩ ብሎ የፈረመው?» ሊሉት ይችሉ ነበር። ቃሉ ምላሳቸው ላይ ነበር። ዋጡት። «እውነትህን ነው ልጄ» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሦስት ቀን ሙሉ ልጃቸው ወደተኛችበት ክፍል አልገቡም። በሩ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ሳል ይቆጥራሉ። በምን ዓይኔ አያታለሁ? ይላሉ ለራሳቸው። ምን ብዬ?

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተኳሿ «እማዬ የት ሄደች?» አለች።

«በሩ ላይ ናቸው» አለቻት ጥያቄ። «አባዬ እርስዎ ነዎት ያጠፉት ካላቸው ጀምሮ አይገቡም።»

አናጢው ወለሉን አየ። ተኳሿ ዓይኖቿን ጨፍና ቆየች። እንቅልፍ የወሰዳት መስሎ ነበር። ከዚያ «ጥሪያት» አለች፤ «እናንተ ደግሞ ውጡልኝ። የሴት ወሬ አለን።»

እማማ ገቡ። የአልጋውን ብረት ይዘው ቆሙ እንጂ አልተቀመጡም።

«ቁጭ በይ እንጂ፣ እንግዳ ነሽ እንዴ?»

ተቀመጡ።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ግን እንዳትቆጪኝ።»

«አንቺ ምን አጥፍተሽ ልቆጣሽ?»

«ያን ቀን… ሐኪሙ ሆዴን ሲያይ ነቅቼ ነበር።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የተሳሳተችዋን እያየ እንደሆነ አውቄያለሁ። ኋላዬን ነው በለው፣ በለው የሚል ነገር ውስጤ ነበረ። ግን ወንድ ሆነብኝ። ያን ጠጉር ሲያይ ይስቅብኛል ብዬ አፈርኩ። ዝም አልኩ።»

እማማ ብርድ ልብሷን ወደ ደረቷ ሳብ አደረጉላት።

«ስለዚህ የእኔ ጥፋት ነው» አለች ተኳሿ። «አንቺ በደንብ ነው የነገርሻቸው። ሰማሽ? በደንብ ነው የነገርሽው።»

አንባቢዬ፣ ሐኪሟ ሴት ነበረች። ተኳሿም ያን ዕለት እንኳን የሐኪም ስሕተት ልትለይ የወለደቻትን ልጅ አላወቀቻትም። አልነቃችም፤ አላየችም፤ አላፈረችም። ልትሞት ሁለት ቀን የቀራት ሴት ጣሪያ እያየች አንዲት ውሸት ሠፍታ ለእናቷ አለበሰቻት። እማማ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተረዱት። «ሐኪሟ ሴት ናት እኮ፣ ልጄ» ቢሏት ስጦታዋን ፊቷ ላይ መጣል ነው። ቢያለቅሱ ውሸቷን መረዳታቸው ይታወቃል። ምን ያድርጉ? ለልጃቸው ሃያ አራት ዓመት ያስቆጠረች አንዲት የፍቅር ውሸት ነግረዋት ነበር፤ አሁን እሷ በተራዋ ነገረቻቸው።

«አዎ… ወንድ ነበር» አሉ እማማ።

«ጢማም።»

«ጢማም ነው። ዓይን አውጣ ነገር። ቢስቅብሽ ኖሮ በጫማዬ ነበር የምለው።»

ተኳሿ ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነባት፤ እማማ ቀና አድርገው ያዟትና ጀርባዋን አሹላት። እጃቸው ቁስሉን የሸፈነው ፋሻ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በቀስታ አለፈው።

«አልተቆጣሽኝም አይደል?»

«ልጅ ነሽ፤ ልጅ ያጠፋል» አሉ። ይህችን ብለው ግንባሯን ሳሟት።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ነርሶቹ አንሶላ ሲቀይሩ፣ ተኳሿ እጇን በእናቷ እጅ ውስጥ እንዳደረገች አረፈች። አናጢው ኮሪደሩ ላይ እማማ እግር ሥር ተንበርክኮ «እኔም ፈርሜያለሁ… እኔም ፈርሜያለሁ» አለ። እማማ ራሱን ደረታቸው ላይ አስጠግተው «አውቃለሁ። ተነሥ፣ ልጅህ እያየችህ ነው» አሉት። ጥያቄ እውነትም ቆማ እያየች ነበር። አንድም ነገር አልጠየቀችም።

ዕጣ ፈንታ ይሉታል ሰዎች። እኔ እንጃ። ጠላት ቢሆን ስሙን እንጠራው ነበር፤ ክፉ ሰው ቢሆን እንረግመው ነበር። ይህን ቤት ያፈረሰ ክፉ ሰው ግን ፈልጌ አጣሁ። አንዲት እናት ልጇን አባበለች፣ አንድ ባል ለሚስቱ ፈራ፣ አንዲት ሐኪም የተነገራትን አየች… ከዚህ ሁሉ ደግነት መሐል ሞት መንገዱን አገኘ። እናንተም ቤት ከደጃፉ ውጭ ማንም የማይረዳት አንዲት የቤት ቃል አትጠፋም። ተጫወቱባት፣ ሳቁባት። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ግን ስሟን አትንገሩት። ተነሡ፣ ዙሩ፣ ልብሳችሁን ገልጣችሁ በጣታችሁ አሳዩት።